«በልቻለሁ» የማይገባቸው ሴትዮ

የኛ ሰው ብላ ሲባል መጀመሪያ «በልቻለሁ» ይላል። ውሸቱን አይደለም፤ ትናንት በልቷል። ሁለተኛ ሲለመን «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ በሦስተኛው እጁን ይታጠባል። አሜሪካ ግን ሁለተኛ የሚባል ነገር የለም። «ኖ፣ ታንክ ዩ» ካላችሁ «ኦኬ» ብለው ሳህኑን ይዘው ይሄዳሉ። ስድስተኛ ክፍልን በጭንቅ ለጨረሰች ዓይን አፋር ይሄ ረሃብ ማለት አይደለም?

እማዬ ዲቪ ደርሷት ካሮልተን የምትባል የአሜሪካ ከተማ እንደገባን አንድ ዳቦ ቤት በጽዳት ተቀጠረች። እኔም ከትምህርት ቤት ስወጣ እዚያ ጥግ ይዤ እጠብቃታለሁ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሚስስ ጎልዲ የሚባሉ ይሁዲ አሮጊት ነበሩ። አንድ ቀን መሐሉ ቀዳዳ የሆነውን ዳቦ፣ ቤግል የሚሉትን፣ አምጥተው «ኖሽ» አሉኝ። ብይ ማለታቸው መሆኑ ከእጃቸው ገባኝ። በልቻለሁ አልኩ። አልሄዱም። እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። ጭራሽ ወንበር ስበው ተቀመጡና፣ ማን ጠየቀሽ ልጄ፣ አሉኝ። እንዲህ የሚሉት የሰፈራችን እናቶች ብቻ ይመስሉኝ ነበር። በላሁ፤ ደገምኩ።

ኖሽም ቤግልም ይዲሽ ናቸው፤ የሚስስ ጎልዲ እናት ከአውሮፓ ይዘውት የመጡት የይሁዲዎች ቋንቋ። በራሱ ፊደል ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋል። እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባ ግን ብዙውን ቃል ሁሉም እንደመሰለው ይጽፈዋል። አልገረመኝም፤ የኔም ስም ፓስፖርቴ ላይ ሌላ፣ ትምህርት ቤት ሌላ ነው። ስደተኛ ቃልም እንደ ስደተኛ ሰው፣ በር ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ እንደሰማው ነው የሚገባው።

እማዬን ግን ውለታው ከበዳት። የሰው እህል በልቶ አለማብላት እንቅልፍ ይነሳታል። አንድ ረቡዕ ምስር ወጥ ሠርታ ሚስስ ጎልዲን ቤት ጠራቻቸው። መጡ፣ ተቀመጡ፣ ከዚያስ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «በልቻለሁ።» እማዬ ፊቷ ጠቆረ። እንግሊዝኛ የላት፤ እኔም እንደ ልማዴ አንገቴን ደፋሁ። ወዲያው ጠቅልላ አፋቸው ድረስ አደረሰችና «ኖሽ» አለቻቸው። ያጎረሰ እጅ ተነከሰ ይባላል፤ እኛ ቤት ግን ያጎረሰ ጎረሰ።

አኝከው ሲጨርሱ ይሄ በእጅ ማብላት ምን ይባላል አሉኝ። ጉርሻ አልኳቸው። በእንግሊዝኛስ እንዴት ይጻፋል አሉ። በሕይወቴ የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ቀልድ ቀለድኩ፤ ገና አልገባም፣ ወረቀቱን እየጠበቀ ነው አልኳቸው።

ሚስስ ጎልዲ ስፖንሰር እንደሚሆኑት ቃል ገቡና፣ ማንም ሳይለምናቸው፣ ለሁለተኛው ጉርሻ አፋቸውን ከፈቱ።