አሥራ ስምንት ጎማና አንድ «በሞቴ»

ጎበዝ፣ ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። ቆማችሁ ከሆነ አንድ ነገር ተደገፉ።

ዛሬ እኔ መኮንን፣ ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ሰው፣ የትራክ መንጃ ፈቃድ ፈተና ወደቅሁ!

አዎ፣ እኔው ነኝ። ትናንት እዚሁ ገጽ ላይ ትራክ ተደግፌ ፎቶ የለጠፍኩት። «እንኳን ደስ ያለዎት» እያላችሁ ያጥለቀለቃችሁኝ። አንዳንዶቻችሁማ ግጥም ጽፋችሁልኛል።

ግጥሙን አላጠፋውም። ገና ይሠራል።

አሁን ምን እንደምታስቡ አውቃለሁ። «እንግሊዝኛው ነው የጣላቸው» እያላችሁ ነው። አይደል?

አይደለም!!!

እንግሊዝኛ ዛሬ እንደ በግ ሲከተለኝ ነው የዋለው። የጣለኝ ሌላ ነው። ልንገራችሁ፣ ግን አትሳቁ።

እሺ፣ ሳቁ።

ብዙ ዓመት ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ ነው የሠራሁት። በአንድ እጄ ሻይ ይዤ፣ የሰው መኪና ግድግዳና ግድግዳ መሃል እሸጉጥ ነበር። ጭረት? በእኔ ዘመን ጭረት የሚባል ነገር አልነበረም!

ከዚያ ማሽን አመጡ። ትኬቱንም በሩንም እሱ ያዘው። ማሽን ደህና አደራችሁ አይልም፣ ግን ደመወዝም አይጠይቅም።

በቃ፣ ትራክ እነዳለሁ አልኩ። በዚህ ዕድሜ? በዚህ ዕድሜ!

ልጄ ሕሊና ስትሰማ «ዳድ!» አለች። ከዚያ ቀጠለች፤ «ፈተናው ሁሉ በኢንግሊሽ ነው። ሲሪየስሊ፣ ማን ትራንስሌት ሊያደርግልህ ነው?»

ወጋችኝ። የወጋችኝ እውነቷን ስለሆነ ነው።

ይህቺ ልጅ ከትንሽነቷ ጀምሮ አፌ ነበረች። ሆስፒታል እሷ። ባንክ እሷ። የራሷ ቲቸር ዘንድ ስንጠራ እንኳ አስተርጓሚዋ እሷው! ቲቸሯ እጇን እያወናጨፈች ብዙ ተናገረች። ልጄ ወደ እኔ ዞራ «ጎበዝ ናት እያለች ነው» አለችኝ። ቲቸሯ ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ማንም አያስተረጉምልኝም» አልኳት። «ይህን አንዱን ነገር ያለ አንቺ አደርገዋለሁ።»

እንግዲህ ዛሬ የተፈተነው ይህ አፌ ነው። መንዳቱንማ ድሮም እችላለሁ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። የትራክ ፈተና ላይ ፕሪትሪፕ የሚባል ክፍል አለ። ሞተር ከማስነሳትህ በፊት ትራኩን ከግንባሩ እስከ ጭራው ትዞረዋለህ። እያንዳንዱን ዕቃ በእጅህ እየነካህ ስሙን ትጠራለህ። እንዳልተሰነጠቀ፣ እንዳልተጣመመ፣ እንዳልላላ ትመሰክራለህ። ጮክ ብለህ! በእንግሊዝኛ! ፈታኙ ዝም ብሎ ይሰማሃል፣ አንዲት ቃል አያቀብልህም።

ጎረምሶቹ ዩቲዩብ ያያሉ። እኔ ግን ልጅ ሆኜ ዳዊት እንደደገምኩት አጠናሁት። በዜማ!

የፈተናውን ማኑዋል እያነበብኩ ድምፄን በስልኬ ቀዳሁ። ከዚያ ከሲልቨር ስፕሪንግ ታኮማ ፓርክ ድረስ በእግሬ እየሄድኩ አብሬው አዜማለሁ። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ «ስላክ አድጀስተር፣ ኖት ክራክድ፣ ኖት ቤንት፣ ኖት ብሮክን» ስል፣ አጠገቤ የነበረች ሴትዮ «ኤሜን» አለችኝ።

እኔም «ኤሜን» አልኳት። ምን ይባላል?

ቤት ስገባ ደግሞ ትራክ የለኝምና ፍሪጁን እዞረዋለሁ። በሩን ነካ፣ ማጠፊያውን ነካ። ባለቤቴ ሰብለ ታግሳ ታግሳ አንድ ቀን ፈነዳች። «መኮንን፣ ፍሪጄን ተወው! አልተሰነጠቀም!»

ይኸው ዛሬ ደረሰ።

ፈታኟ ትከሻዋ የሰፋ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገች፣ ቃል የማታባክን ሴት ናት። «ጀምር» አለችኝና ታብሌቷን ይዛ ቆመች።

ጀመርኩ። ዜማውን በሆዴ፣ ቃሉን በአፌ!

ከመብራቱ ገባሁ፣ በሞተሩ ዞርኩ፣ በፍሬኑ ወረድኩ፣ ተሳቢውን አዳርሼ በጭራው ወጣሁ። አንዲት ብሎን አልዘለልኩም። ስጨርስ መነጽሯን አወለቀች።

«በዚህ ወር ከሰማሁት ፕሪትሪፕ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው» አለች።

በእንግሊዝኛ ነው ያለችው! እኔም ያለ አስተርጓሚ ገባኝ! ሕሊናን እዚያው ኮል ላደርጋት ነበር፤ ስልክ ክልክል ነው እንጂ።

ወደኋላ እየነዱ ማቆሙስ? ፓርኪንግ የሠራ ሰው ይህን ይፈራል? ዙሪያውን የተደረደሩትን ኮኖች ነፋስ እንኳ ሳላስነካቸው ገብቼ ቆምኩ።

የቀረኝ መንገድ ላይ ነድቶ መመለስ ብቻ ነበር። ፈተናው ባለበት ቤልትስቪል ውስጥ ዞር ዞር፣ ከዚያ ላይሰንስ!

ነዳሁ። እንዴት ነዳሁ መሰላችሁ! ሙሽራ የጫንኩ ነው የሚመስለው።

ከዚያ አንድ መስቀለኛ መንገድ ደረስን። ባለ አራት ስቶፕ ሳይን፣ በአራቱም በኩል «ቁም» የሚል። አሜሪካ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቀድሞ የቆመ ቀድሞ ያልፋል። የማኑዋሉ ገጽ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል፣ ከነሥዕሉ በቃሌ ነው።

ወደ ግራ ልታጠፍ ነው፤ ቀድሜ የቆምኩትም እኔ ነኝ።

ግራ አየሁ። ቀኝ አየሁ። ቀና ስል ከፊት ለፊቴ ማን መጥቶ ቢቆም ጥሩ ነው?

ጋሽ ታፈሰ!

ጋሽ ታፈሰ ሰብለን ሽማግሌ ሆነው የጠየቁልኝ ሰው ናቸው። የሚኖሩት ከወንዙ ማዶ አሌክሳንድሪያ ነው። ቤልትስቪል ምን ያደርጋሉ? የእኔን ድፎ ዳቦ እዚያ ካለ ዳቦ ቤት ሊያመጡ! አዎ፣ ገና ሳልፈተን ድግስ ጠርቼ ነበር። ያን ያህል ነው በራሴ የምተማመነው።

በፊት መስተዋታቸው አዩኝ። አፋቸውን ከፈቱ። ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ።

እኔም ከትራኩ ላይ ሆኜ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ።

በእጃቸው «እለፍ» አሉኝ።

እንዴት አድርጌ? ሰብለን ያመጡልኝን ሰው ቀድሜ ልለፍ? እኔም በእጄ «እርስዎ ይለፉ» አልኩ።

«እለፍ እንጂ!»

«ኧረ እርስዎ!»

ይኼኔ መሪያቸውን ለቀቁና ደረታቸውን መቱ። በሁለት መስተዋት ውስጥ ድምፅ አይሰማም። ግን «በሞቴ» የሚለውን ከንፈር የማያውቅ ሀበሻ አለ?

በሞቴ ካሉማ ምን ይደረጋል፣ ልታዘዝ ብዬ ፍሬን ለቀቅ አደረግሁ። እሳቸውም እኔን ሊታዘዙ በዚያችው ቅጽበት ለቀቅ አደረጉ! ሁለታችንም ቆምን። እንደገና ይለፉ፣ እንደገና እለፍ።

ከኋላ ክላክስ ጀመረ።

«ሰር» አለች ፈታኟ፣ «ቅድሚያው ያንተ ነው።»

«ዬስ ማዳም፣ አውቃለሁ» አልኳት። ማወቁንማ አውቃለሁ! ችግሩ ማወቅ መስሎሻል?

ከዚያ የባሰው መጣ። ጋሽ ታፈሰ የመኪናቸውን በር ከፍተው ወረዱ።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ሰማንያ ሊሞላቸው የደረሰ ሰው አስፋልት ላይ ቆመዋል። እኔ ከላይ እንደ ንጉሥ ተቀምጫለሁ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

እኔ ግን እንዲሁ ዘልዬ አልወረድኩም! የትራኩንም የተሳቢውንም የማቆሚያ ፍሬን ሳብኩ። የአደጋ መብራት አበራሁ። መስተዋት አየሁ። ፊቴን ወደ ትራኩ አዙሬ፣ መያዣውን ይዤ፣ ልክ ማኑዋሉ እንደሚለው ደረጃ በደረጃ ወረድኩ።

በመላው ሜሪላንድ እንደዚያ በሥርዓት ከትራክ የወረደ ሰው የለም!

ፈታኟ «ሰር! ሰር!» ትላለች።

ጋሽ ታፈሰ አቀፉኝ። ትከሻ ለትከሻ ተጋጨን፣ አንድ ጊዜ አይደለም። «መኮንን! ይህን ተራራ አንተ ነህ የምትነዳው? እግዚአብሔር ያሳድግህ!»

ስልሳ ዓመት አልፎኛል። አሜን አልኩ።

«ጋሽ ታፈሰ፣ ገና እየተፈተንኩ ነው» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«ማን ነው የሚፈትንህ?» ብለው ቀና አሉ። ፈታኟን አዩዋት። ባርኔጣቸውን አወለቁላት። «ሀው አር ዩ፣ ማይ ዶተር! ሂ ኢዝ ቬሪ ጉድ ማን!»

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት እጇን አነሳችላቸው።

ያልቃል ስትሉ አላለቀም። «በል ግባና እለፍ» አሉኝ። «እርስዎ ሳይገቡ?» አልኩ። ክላክሱ የሠርግ አጀብ መሰለ። በመጨረሻ እየገፋሁ አስገባኋቸው። ቀድመው አለፉ። ሲያልፉ እንደገና ጎንበስ አልኩ።

ተመልሼ ወጥቼ ቀበቶዬን አሰርኩ። ፈታኟ ታብሌቷ ላይ ትነካካለች። በነገራችን ላይ መመለሻውንም ያለ እንከን ነው የነዳሁት።

ስንደርስ ወደ እኔ ዞረች። «ሰር፣ በሥራ ዘመኔ ሁሉ መስቀለኛ መንገድ መሃል ወርዶ ሰው ያቀፈ ተፈታኝ አላየሁም። ላሳልፍህ አልችልም።»

የጠየቅኳት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። «እንግሊዝኛዬስ?»

«እንግሊዝኛህ?» አለች። ሳቋን ስትታገል አየኋት። «እንግሊዝኛህ ምንም እንከን አይወጣለትም። እዚያ መስቀለኛ ላይ ግን የሚከበረው ሰው አይደለም፣ ተራ ነው።»

እንግሊዝኛ አንቱ የለውም ይላሉ። ድምፅዋ ውስጥ ግን ነበረ። ሰምቼዋለሁ!

አሁን ወደ ቤት እንምጣ። ውርደቱ እዚያ ነው የጠበቀኝ።

ጋሽ ታፈሰ ቀድመውኝ ደርሰው አውጀዋል። «በዓይኔ አየሁት! ፈታኟም ሰላም አለችኝ! አልፏል፣ አልቋል!» በሩን ስከፍት እልልታው ኮሪደሩን ሞላው። ሕሊና ትራክ የተሳለበት ኬክ ይዛ ቆማለች።

ፊቴን ስታይ ኬኩን አስቀመጠች። አጠገቤ መጣች። «ዳድ… ወዝ ኢት ዘ ኢንግሊሽ?»

ከልጅነቷ ጀምሮ ስለ እኔ ስትሸማቀቅ በኖረችበት ፊት ነው ያየችኝ።

«ኖ!» አልኩ። «ኖ፣ ማይ ዶተር!»

ሁሉንም ዘርግፌ ነገርኳቸው። ሳቁ መጀመሪያ ከሰብለ ጀመረ፣ ከዚያ የሚያቆመው ጠፋ።

ጋሽ ታፈሰ ብቻ ራሳቸውን ያዙ። «እኔው ነኛ የጣልኩህ!»

«ሁለታችሁም አብራችሁ ነው የወደቃችሁት» አለች ሰብለ። «አሁን ዳቦውን ቁረሱልን፣ ጋሽ ታፈሰ።»

ዳቦው ተቆረሰ። ሕሊና ግን አልለቀቀችኝም። «ፕሪትሪፑን እኔም ልስማው» አለች።

ፍሪጁ አጠገብ ቆምኩ። ሰብለ ዛሬ አልተቆጣችም። ዜማዬን አወረድኩት፤ እንግዳው ሁሉ በእጁ ዳቦ ይዞ ይሰማል።

መሃል ላይ ሕሊና እጇን አነሳች። «ዳድ፣ ዌይት። ስላክ አድጀስተር ምንድነው?»

ቀጥ አልኩ።

ልጄ የእንግሊዝኛ ቃል ትርጉም ጠየቀችኝ። እኔን!

«የፍሬኑን ክፍተት የሚያስተካክል ክንድ ነው» አልኳት። ቀስ ብዬ፣ በእጄ እያሳየሁ፣ እሷ ሆስፒታል ውስጥ ለእኔ እንደምታደርገው። እንዳልገባት አየሁና ደግሜ አስረዳኋት። አልተቆጣሁም።

ወዳጆቼ፣ ላይሰንስ የሚሰጠው መንግሥት ነው። ያቺን ጥያቄ ግን ማንም አይሰጠኝም ነበር።

ደግሞ እፈተናለሁ። ቀጠሮ ይዣለሁ። ጋሽ ታፈሰ በዚያ ቀን ከአሌክሳንድሪያ ወንዙን ተሻግረው ወደ ሜሪላንድ ላይመጡ ምለዋል።

ማታ ልሸኛቸው ወጣሁ። ሊፍቱ ተከፈተ።

«ይግቡ» አልኳቸው።

«አንተ ግባ፣ የዛሬ ባለቀን አንተ ነህ።»

«ኧረ እርስዎ ቆመው!»

«በሞቴ!»

ሊፍቱ ተዘጋ። ባዶውን ወረደ።

እስቲ እናንተው ፍረዱ፤ ሊፍት ለሚያመልጠው ሰው አሥራ ስምንት ጎማ ይታመናል?

እኔ ይታመናል ባይ ነኝ! ብቻ ቤልትስቪል ውስጥ ትራክ ላይ ሆኜ ካያችሁኝ፣ አፈር ስሆን፣ ሰላም አትበሉኝ።