ሊቀ መርፌ ጋሼ አገኘሁ

መርካቶ ውስጥ ሐኪም የሌለው ሰፈር ሞልቷል፤ መርፌ የሚያማርጥ ሰው የሌለው ሰፈር ግን የለም። በኛ በልብስ ሰፊዎቹ ተራ ይህን ማዕረግ የያዙት ጎረቤቴ፣ ቅቤ ነጋዴው ጋሼ አገኘሁ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ከሳሙበት ቀን የተወጉበት ቀን ይበልጣል። ጉንፋን ሲይዛቸው መርፌ፣ ሲከፋቸው መርፌ። አንዴማ ክፉ ሕልም አይተው ተወግተው መጡ። ክኒን የሰጣቸውን ሐኪም "ጥራጥሬ ዘግኖ ሸኘኝ" እያሉ እስከ ዛሬ ያሙታል።

እና በነሐሴ ግድም የቀኝ እጄ የመሐል ጣት መቆለፍ አመጣች። ታጥፋ ትቀራለች፤ በግራ እጄ ስጎትታት ቀጭ ብላ ትፈታለች። የአንድ ደጃዝማች ካባ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግቶ፣ ለመስቀል ይደርሳል ብዬ ቃል ገብቼ፣ መቀሱን እንደጨበጥኩ ቀረሁ። ደጃዝማቹ ደግሞ ጣቴ ተቆለፈች ብላቸው የቀረውን አካሌን የሚያስቆልፉ ሰው ናቸው።

ጋሼ አገኘሁ ሰምተው ቅቤያቸውን ጥለው መጡ። ሁለት መርፌ አለ አሉ። አንዱ ተክለ ሃይማኖት ያለው ቁስል አጣቢ ድሬሰር መቀመጫ ላይ የሚወጋው፣ የእናትን ስም የሚያስጠራው። ሌላው ፒያሳ ያለው ጣሊያን ሐኪም እዚያው መዳፍ ላይ የሚወጋው፣ አዲስ መጤው። የድሬሰሩን መረጡልኝ። የተቆለፈችው ጣቴ፣ መቀመጫዬ ምን አጠፋ ብላቸው ለአላዋቂነቴ አዘኑ።

"ብርሃኔ፣ ዛፍ ውሃ የምታጠጣው ሥሩን ነው ቅጠሉን?"

ሥሬን ተወጋሁ። ጣቴ እንደተቆለፈች፤ እኔ ግን በምርቃት አነክስ ጀመር። ጋሼ አገኘሁ አካሄዴን ከኋላ መርምረው "ይዞታል" ብለው ለተራው አወጁ።

እንቁጣጣሽ አለፈ፣ መስቀል መጣ መጣ አለ። ከጋሼ አገኘሁ ጋር፣ ወደን ሳይሆን ቸግሮን፣ በጋሪ ፒያሳ ሄድን። የስፌት መርፌ ስንቴ ወግቶኛል፤ መዳፌ መሐል ሊሰኩብኝ ነው ሲባል ግን እጄን ብብቴ ውስጥ ሸሸግኩ። ሐኪሙ በር ላይ ስንደርስ፣ ካባውም ይቅር፣ ደጃዝማቹም ያሻቸውን ያድርጉኝ፣ ልመለስ አልኩ።

ጋሼ አገኘሁ ደህናዋን የቀኝ እጃቸውን ጣት እጥፍ አድርገው፣ እያቃሰቱ፣ "ዶቶሬ፣ ተቆልፋብኝ" እያሉ ቀድመውኝ ገቡ።

ሲወጡ ላብ በላብ ሆነዋል፤ ከንፈራቸው አመድ መስሏል።

"ግባ፣ ቁንጫ ናት" አሉኝ።

ገባሁ። ቁንጫ አልነበረችም።

የኔ ጣት ቀስ በቀስ ተፈታች፣ ካባውም ለመስቀል ደረሰ። የሳቸው ደህና ጣት ግን አብጣ እንጀራ መጠቅለል አቃታቸው። በግራ አይበላ ነገር፤ ባለቤታቸው እትዬ ያለምወርቅ ላጉርስ ቢሉ፣ ሕፃን መሰልኩሽ ወይ ብለው እምቢ። እኔ ሄጄ በተፈታችው ጣቴ ጠቅልዬ አጎረስኳቸው፤ ሳያንገራግሩ ተቀበሉኝ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ደገምኩ። ሦስተኛውን ግን ለፍቅር ነው እንዳትሉኝ፤ የሁለቱን መርፌ ልዩነት ሊያስረዱኝ አፋቸውን ከፍተው ነበር።