አልጋው ላይ አድርገሃል?

በከባድ መኪና እንጀራውን የሚበላ ሰው ከሁለት ነገር አያመልጥም፤ ከወገብ ሕመምና ከአንጋፋው ሾፌር ከፓን ቼስዋቭ፤ ፓን በእኛ በፖላንዶች አቶ እንደማለት ነው። እሳቸው ባይኖሩ ቢጤያቸው አለ። ከዋርሶ እስከ ሊዝበን በየትኛውም ማቆሚያ ሞተርህን አጥፍተህ ጫማህን ማውለቅ ስትጀምር አንድ ሰው የጋቢናህን በር ያንኳኳል። የእኔን የሚያንኳኩት እሳቸው ናቸው።

“ራዴክ! አልጋው ላይ አድርገሃል?”

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ሾፌሮች ካርዳችንን የመንጃና የዕረፍት ሰዓት በሚመዘግበው ታኮግራፍ ውስጥ ሳንከት ንቅንቅ አንልም። መሣሪያው ስንነዳ ራሱ ያውቃል፤ ስንቆም ግን ሥራ ላይ ናቸው ብሎ መዶሻ ይሥላል። ዕረፍት ላይ ነኝ ለማለት ቁልፉን ተጭነህ የአልጋውን ሥዕል ማምጣት አለብህ። ከረሳህ፣ ስታንኮራፋ ብትቆይም ካርዱ ሲሠራ ነበር ብሎ ይመሰክርብሃል። በቂ ዕረፍት ሳያደርጉ መንዳት በሕግ ክልክል ነው፤ ፖሊስ የሚያምነው ደግሞ ካርዱን ነው።

ክቡር ፓን ቼስዋቭ ይህን ሕግ መኪናው ውስጥ ብቻ ትተውት ቢወርዱ ምን ነበረበት! ሃሊና፣ ባለቤታቸው፣ ምንጣፍ አራግፍ ስትላቸው “ይሄ መዶሻ ነው፤ እኔ አሁን አልጋ ላይ ነኝ” ይላሉ። አንድ እሑድ ስብከቱ ሲረዝምባቸው ቄሱን በር ላይ ጠብቀው “አባ፣ ያለ ዕረፍት ነው የሄዱት፤ አደጋ አለው” ብለዋቸዋል። ሐሞታቸውን ሊያወጣ የመጣውን ሐኪም ከስንት ሰዓት ጀምሮ ቆሞ እንደዋለ ጠይቀው፣ መልሱን ሲሰሙ ከአልጋቸው ሊወርዱ ሲሉ ነርሶቹ ናቸው የያዟቸው። ስምሪት ክፍሉ ደውሎ “ሃያ ደቂቃ ብቻ ጨምሩልኝ” ሲል የሚሰጡት መልስማ የታወቀ ነው።

“ሃያ ደቂቃ ካለህ ላክልኝ፤ እኔ ጋ አልቋል።”

ባለፈው የገና ዋዜማ ሁለታችንም ከጀርመን ዕቃ ጭነን ስንመለስ ለመጨረሻው ዕረፍት አንድ ማቆሚያ ገባን። ከዚያ ወደ እሳቸው ቤት ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በሾፌርነት ዘመናቸው ሁሉ የዋዜማውን ራት ከሃሊና ጋር ሳይበሉ ያለፉበት ዓመት የለም። ያ ሁሉ የሰዓት ጭቅጭቅም ለዚሁ ነው ይላሉ። እንደ ወትሮው መጥተው በሬን ደበደቡ፣ እኔም እንደ ወትሮው “ሕፃን አደረጉኝ እኮ!” ብዬ ተነጫነጭኩ።

ዕረፍቱ አልቆ ልንነሳ ስንል ግን መኪናቸው አልተንቀሳቀሰም። ሄጄ ሳያቸው ፊታቸው አመድ መስሏል። መሣሪያው ላይ መዶሻ ይታያል። የእኔን በር ሊያንኳኩ ሲሮጡ የራሳቸውን ረስተውት ኖሯል። እንደገና ይረፉ ቢባል የቀኑ የሥራ ሰዓታቸው እዚያው ያልቃል፤ ስለዚህ እስከ ጠዋት የትም መሄድ የለም።

“ፓን ቼስዋቭ፣ ዛሬ የትኛው ፖሊስ ነው መንገድ ላይ የሚቆመው? ይንዱ በቃ!” አልኳቸው።

“ካርዱ ዋዜማ አያውቅም።”

“እሺ እኔ ላድርስዎት።”

“የሰው ዕቃ ሜዳ ላይ ጥዬ? አላደርገውም።”

ወደ ቤት ደወሉ። “ሃሊንካ፣ መዶሻው ላይ ቀረሁ።”

“አንተ? አንተ ራስህ?” ስትል እኔም ተሰማኝ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። ሽማግሌው ስልኩን እንደያዙ ቀሩ፤ አንጀቴን በሉት። እኔ ገና የመንጃ ሰዓት ነበረኝ፤ ግን ሚስቴ ጥላኝ ከሄደች ወዲህ ቤቴ የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ ለመሄድ አልቸኮልኩም። መኪናዬን ከጎናቸው አስጠግቼ አቆምኩ።

አመሻሹ ላይ፣ የመጀመሪያዋ ኮከብ ብቅ ስትል፣ አንዲት ትንሽ መኪና እየተንገጫገጨች መጣች። ሃሊና ድስት በብርድ ልብስ ጠቅልላ ወረደች። የቀይ ሥሩን ሾርባና የተጠበሰውን ዓሣ በባሏ ጋቢና ውስጥ፣ ከወንበሩ ጀርባ ባለው አልጋ ላይ፣ ነጭ ጨርቅ ዘርግታ ደረደረችው። ሦስት ሳህን ነው ያመጣችው። ሦስተኛው እኛ ዘንድ በዋዜማ ሁልጊዜ ሳይጠራ ለሚመጣ እንግዳ የሚቀመጠው ነው።

“ምን ትገተራለህ? ግባ እንጂ! ሳህኑ እኮ ያንተ ነው” አለችኝ።

ገብቼ ተጣብበን ተቀመጥን። ፓን ቼስዋቭ በዋዜማ ከራት በፊት ቆርሰን የምንካፈለውን ስስ ቂጣ አንስተው ሊቆርሱ ሲሉ እጃቸው ቀጥ አለ። አዩኝ።

“ራዴክ፣ አልጋው ላይ አድርገሃል?”

“ቼሼክ! ዛሬ እንኳን ተወው!” አለች ሃሊና በቁልምጫ ስማቸው ጠርታ።

ልነጫነጭ አፌን ከፈትኩና ትዝ አለኝ፤ መኪናዬን ካስጠጋሁ ወዲህ ቁልፉን አልነካሁም። ዘልዬ ወርጄ ወደ መኪናዬ ሮጥኩ። መዶሻ! ቁልፉን ተጫንኩና ብርድ በገባው ጋቢና ውስጥ ትንሽ ቆየሁ። ማረፍ አለማረፌን የሚጠይቀኝ ሰው በዚህ ዓለም ላይ እሳቸው ብቻ መሆናቸው ያኔ ገባኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ስመለስ ቂጣው አልተቆረሰም። ሾርባው እየቀዘቀዘ ሁለቱም ይጠብቁኛል።

“አደረግህ?” አሉኝ።

“አደረግኩ።”

“በል እንግዲህ” ብለው ቂጣውን መጀመሪያ ወደ እኔ ዘረጉት።