ሐዘን የሌለበት ሒሳብ

ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጃንጥላ ይዞ የሚመጣ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ከቶ አይገኝም። በዚህ የቤት ዕቃ መሥሪያ ድርጅት ያን ጃንጥላ የያዙት ክቡር ሒሳብ ሹም ጋሼ ስጋት ነበሩ። ስሙን ያወጡላቸው አናጢዎቹ ናቸው። «እንዴት አደሩ?» ሲሏቸው «እስካሁን ደህና ነኝ» ይላሉ፤ ሰላምታውም እዚያው ያልቃል።

ድርጅቱን ከአባቷ የወረሰችው ሴትዮ ፀጉሯ የሸበተው ከእርሳቸው ጋር ስትነታረክ ነው። አንድ ሆቴል መቶ ወንበር ያዘዘ ዕለት ሠራተኛው ሁሉ ሲያጨበጭብ፣ ጋሼ ስጋት ከመነጽራቸው በላይ ቀና አሉ።

«ተከፈለ?»

«ይከፍላሉ እንጂ ጋሼ!»

«እንግዲያው ላም አለኝ በሰማይ ነዋ!» ብለው ወደ መዝገባቸው አቀረቀሩ።

ትርፍ በእጃቸው ካልተቆጠረ ትርፍ አይደለም። ኪሳራን ግን ገና መንገድ ላይ ሳለ ወጥተው ይቀበሉታል። መጋዘን ያለ ሳንቃ ጥቂት ከጎበጠ ዋጋውን ይቀንሱበታል። «ኧረ ጋሼ፣ ሲላግ ይቃናል!» ቢሏቸው፣ «ሲቃና እጽፈዋለሁ» ነው መልሳቸው። አንድ ደንበኛ ታሞ ሆስፒታል የገባ ጊዜ ብርቱካን ገዝተው ሄዱ፤ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው አይዞህ፣ ትድናለህ ሲሉት ዋሉ፤ ከዚያ ቢሮ ተመልሰው ዕዳውን «አጠራጣሪ» ከሚለው ተርታ አሰፈሩት።

ዘንድሮ ግን እውነትም ነገር ከፋ። ቤት የሚሠራ ጠፋ፤ ወንበር የሚገዛም አብሮ ጠፋ። የቀረው ሳንቃ ሳምንት አይዘልቅም፣ መግዣ ገንዘብም የለም። እንጨት ነጋዴው በዱቤ ካልሰጡ አናጢዎቹ መበተናቸው ነው። ነጋዴው ደግሞ እንደ ልማዳቸው የዓመቱን ሒሳብ ሳያዩ አንዲት ጣውላ አይለቁም።

ሴትዮዋ የጋሼ ስጋትን ሒሳብ ገለጥ አድርጋ አየችው። ለቅሶ ቤት ነው። «ይህን ያየ ሰው እንኳን እንጨት፣ ክብሪትስ ያበድረናል?» አለችና ሌላ ሒሳብ ሠራተኛ ከውጭ ቀጥራ አስዋበችው። ያልተከፈለው ሁሉ ትርፍ ተባለ፤ የጎበጠው ሳንቃ በሙሉ ዋጋው ቀና አለ፤ የበሽተኛው ዕዳም ከባለቤቱ ቀድሞ ዳነ።

እንጨት ነጋዴው ሽማግሌ ወረቀቱን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አገላበጡት።

«ልጄ፣ ሐዘኑ የት ሄደ?»

«የምን ሐዘን፣ አባባ?»

«ያ ሰውዬሽ ሞተ እንዴ?»

«ኧረ አሉ!» አለች ደንግጣ።

«እንግዲያ ይህን የጻፈው እርሱ አይደለም። ስሚኝ፣ እኔ የእናንተን ሒሳብ ከንፈሬን እየመጠጥሁ ነው የማነበው፤ ዱቤውንም የምሰጠው ለዚያ ነው። ሰው ክፉውን አስቀድሞ ከነገረኝ፣ ከዚያ የባሰ እንደማይመጣብኝ አውቃለሁ። ይህ ግን ሰርግ ቤት ነው። በሰርግ ቤት ማን ምን እንደጎደለው ይታወቃል?»

አፍራ ሄዳ የጋሼ ስጋትን ሒሳብ ይዛ ተመለሰች። ሽማግሌው አንብበው ከንፈራቸውን መጠጡ። እንጨቱን ፈቀዱ፤ ከለመደችው ግን ግማሹን ብቻ።

«ያኛውን ባላየው ኖሮ ሙሉውን በሰጠሁሽ» አሉ። «ይህንንም የምሰጥሽ ሰውዬው ወንበሩ ላይ እስካለ ነው። እርሱ የወጣ ዕለት እጅ በእጅ ነው የምንገበያየው።»

ሴትዮዋ የቢሮዋን ደረጃ እየሮጠች ወጣች። ጋሼ ስጋት መስኮቱ ሥር ጎንበስ ብለው ሳል ያጣድፋቸዋል። ትከሻቸው መቼ እንዲህ ጠበበ? ነፋስ እንዳይመታቸው ብላ «እስቲ አንዴ ይነሡልኝ» አለችና ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው ትስብ ጀመር። እርሳቸው መሳቢያቸውን ከፈቱ፤ ስኒያቸውን፣ ሹራባቸውን፣ መድኃኒታቸውን አንድ በአንድ በፌስታል ይከቱ ገቡ።

«ምን እያደረጉ ነው፣ ጋሼ?»

«ልታሰናብቺኝ አይደል? በሌላ ሰው ማሠራትሽን ሰምቻለሁ። ቀድሜ ልሰናዳ ብዬ ነው።»

ፌስታሉን ከእጃቸው ቀማቻቸው። ስለ እንጨቱ ልትነግራቸው ነበር የመጣችው፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«አይሂዱብኝ።»

ጋሼ ስጋት መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጫፍ ወለወሉ። ብዙ አሰቡ፤ ሳላቸውም አላስቸኮላቸውም።

«ቃል እንኳ አልገባልሽም» አሉ።

ሴትዮዋ ስኒያቸውን ከፌስታሉ አውጥታ ወደ መሳቢያው መለሰችው።