ጣት የሚያሞቀው ነፋስ

ስልኩ ላይ ያየውን ሁሉ ለሰው ካላስረዳ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ያለው ጎረቤቴ ሰይድ እንደዚያ ነው። ትናንት በሚኒባስ ወደ ኦምዱርማን ስንሄድ ጀመረኝ።

«ስማ! የሮኬት መፈተኛ ዋሻ ውስጥ የሚነፍሰውን አየር በሌዘር ያግሉታል! ጨረሩ ሲያርፍበት በቅጽበት እሳት ይሆናል፣ እንዲህ!» ብሎ ጣቱን ጧ አደረገ።

ካርቱም ውስጥ ጣት ማጮህ «ወራጅ አለ» ማለት አይደል? ሹፌሩ ቆመ። ማንም አልወረደም። ሰይድ መቼ ይሰማል? ሚኒባሱ እንደተነሳ እንደገና ጧ! የነጭ ዓባይ ድልድይ መሃል ቆምን። በመስኮት የሚገባው ነፋስ ጠፋ፤ ላባችን ይንቆረቆር ጀመር።

«ኸላስ፣ ይብቃህ ወንድሜ! አየሩ እሳት ሆነ እኮ!» ብላ ከኋላችን የተቀመጠች የወሎ ልጅ ጮኸች።

የሰይድ ፊት በራ። «አየህ? ሠራ!» አለኝና፣ ሚኒባሱ ገና ሲነሳ፣ በደስታ ጧ!