ስጦታውን ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው

ስጦታ ሰጥቶ ስጦታውን ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጉለሌ ውስጥ እንዲህ ያለ ጎረቤት አለኝ፤ ጋሽ ቶሎሳ ይባላሉ።

ፈረንጅ አለቃቸው አገሩ ሲገባ ዓሣ ያለበት የመስታወት ገንዳ ትቶላቸው ሄደ። የእሳቸው ልብ የሸፈተው ግን በዓሣዎቹ ሳይሆን ውሃው ውስጥ በበቀለው፣ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ በሾለው ተክል ነው። ተክሉ ሲወልድ ልጁን በትንሽ ገንዳ፣ ከአንድ ዓሣና ከሽሮ ሜዳ ጋቢ ጋር አመጡልኝና ከጃንሆይ ፎቶ ሥር ራሳቸው አስቀመጡት። ጋቢው የእኔ መስሎኝ እጅ ነሣሁ።

"የእንጦጦ ብርድ እንዳይመታው ማታ ማታ አልብሰው። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ውሃ ጨምርለት" አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቁስቋም ሲመለሱ ይመጣሉ። "የልጁን አንገት አሸዋ ውስጥ ቀብረኸዋል፤ ሊታፈን እኮ ነው!" ብለው ይቆጡኛል። እኔ ምሳ ልብላ አልብላ ጠይቀውኝ አያውቁም።

ባለፈው ሳምንት ታመምኩ። ወንደላጤ ነኝ። ብርድ ሲያንቀጠቅጠኝ እንኳ ጋቢውን መንካት አልደፈርኩም። ጎረቤት ሁሉ በበሩ ብቅ ብሎ "እንዴት አደርክ?" ሲለኝ "እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ፤ አምኖኝ ያልፋል።

እሑድ ጋሽ ቶሎሳ ገቡ። እንደ ልማዳቸው አልጋዬን አልፈው ጋቢውን ገለጥ አደረጉ።

"ውሃው ሁለት ጣት ጎድሏል።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኳቸው።

"እሱማ ይመስገን! አንተ ግን እንደ ውሃው ከሆነ አራት ቀን ከአልጋህ አልወረድክም።"

ጋቢውን ከገንዳው ገፈው አለበሱኝ። አጥሚት ሊያሠሩልኝ ሲወጡ ግን ከበሩ ዞር አሉ።

"ለዛሬ ብቻ ነው" አሉኝ። "ነገ ለልጁ ትመልስለታለህ።"