ከል የለበሱት ሙዞች

ሙዝ ምኑ ግራ ያጋባል ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንደዛ ነበር የምለው። አረንጓዴ ከሆነ አልበሰለም፣ ቢጫ ከሆነ ይበላል፣ ከጠቆረ ይጣላል፤ አለቀ። ኢሚግሬሽን አዙሮኛል፣ ታክስ አዙሮኛል፣ የኦክላንድ የፓርኪንግ ምልክት እስካሁን ያዞረኛል፤ ሙዝ ያዞረኛል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም። ጻፊው የኔ ልጅ፣ «አክስቴ አጋነነች» ብለሽ እንዳትዘልዪው።

ልጄ ዮናስ ሊያገባት ያሰባት ልጅ ወላጆቿ ከደቡብ ህንድ ናቸው፤ ሳን ሆዜ ነው የሚኖሩት። እናትየው ማሪያማ ትባላለች። እንደኛው ኦርቶዶክስ፣ እንደኛው ጿሚ፣ እንደኛው ልጇን በዋዛ የማትሰጥ። አንድ እሑድ ክንድ ክንድ የሚያካክሉ አምስት ሙዞች ይዛልኝ መጣች። «ቅዳሜ መጥቼ ለሻይ ፓዛም ፖሪ እሠራልሻለሁ፤ እስከዛ አስቀምጫቸው» አለች። ፓዛም ፖሪ ማለት ሙዙን በቁመቱ ሰንጥቆ፣ ስኳር፣ ሄልና እርድ ጣል የተደረገበት ሊጥ ውስጥ ነክሮ መጥበስ ነው። ምን ይከብዳል?

ሙዞቹ ማክሰኞ ነጠብጣብ አወጡ። ሐሙስ ከል ለበሱ። እኔ ሰው አክባሪዋ፣ ስጦታዋ ተበላሽቶ አይታ እንዳታፍር ብዬ፣ አርብ ጠዋት አምስቱንም ኮምፖስት ቢን ውስጥ ከተትኩና ኤመሪቪል ሄጄ እንደ ወርቅ የሚያበራ ሙዝ ገዛሁ። የቆሻሻ መኪናውም ቀኑ አርብ ነው። ወሰዳቸው።

ቅዳሜ ማሪያማ መጣች። ልጆቹ «ተላመዱ» ብለው ጥለውን ወጡ። ሙዞቼን አየችና ዓይኗ ሌላ ነገር መፈለግ ጀመረ።

«የኔዎቹስ?» አለች።

«ጠቆሩ። ጣልኳቸው።»

«ሲጠቁሩ ነው እኮ የሚበስሉት። ፕላንቴን የሚባሉ የመጥበሻ ሙዞች ናቸው» አለች፣ ቀስ ብላ።

ቀስ ማለቷ ነው የገደለኝ። ብትቆጣ እኮ ይቅርታ ብዬ እገላገል ነበር። አሁን ይቺ ሴት ስጦታዋን ቆሻሻ ውስጥ ለሚጥል ቤት ልጇን ትሰጣለች? እሷም የኔን ሙዝ ነክራ ዘይት ውስጥ ጨመረችው። ቀለጠ። ድስቱን ከበን ሾርባ የሆነውን ሙዝ እናያለን።

ድንገት ሳቋን ለቀቀችው። «ለፋሲካ የላክሽልኝ ነጭ ነገር፣ በላስቲክ የተጠቀለለው…»

«ቆጮው?»

«ሸተተኝ። የተበላሸ መስሎኝ ጣልኩት። መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ ነው ያደርኩት።»

እናንተዬ፣ ያ ቆጮ እኮ ስንት ሰው ለምኜ ከወልቂጤ በሻንጣ የመጣ ነው። ደግሞ ያልሸተተ ቆጮ ምኑን ቆጮ ሆነ? ልናደድ ወይስ ልሳቅ? ግራ ገብቶኝ ቆሜ፣ ለካ እኔም እየሳቅኩ ነው።

ልጆቹ ተመለሱ። «ፓዛም ፖሪው የታለ?» አለ ዮናስ።

ማሪያማ ድስቱን ከደነችው። «በልተን ጨረስነው።»

«አንድ እንኳን አላስቀራችሁልንም?»

«በጣም ጣፍጦን ነዋ» አልኩት እኔ።

እስከዛሬ ሽማግሌ አልተላከም። እኛ ሁለታችን ግን ያኔውኑ ተዛምደናል። በውሸት የተጀመረ ዝምድና ይጸና አይጸና እንደሆነ፣ እሱን እንጃ።